አያ እንድሪስና የገበያው ድንጋዮች

አያ እንድሪስ መሞታቸውን የሰማሁት ስብሰባ ላይ ነው። ሌላ የት ልሰማ! የሥራ ዘመኔ እኩሌታ ያለቀው በስብሰባ ነው። ደሴ ውስጥ በአንድ አዳራሽ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ስለ ከተሞች ዕድገት የሚያብራራ ሰው እያዳመጥሁ ሳንጎላጅ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ወጥቼ አነሳሁት። የደወለልኝ በመካነ ሰላም ማዘጋጃ ቤት አብሮኝ ይሠራ የነበረ ባልደረባዬ ነው። «አያ እንድሪስ አረፉ፤ ትናንት ከአሱር ሶላት በፊት ቀበርናቸው» አለኝ። ተመልሼ ገብቼ ተቀመጥሁ። ሰውየው አሁንም እያብራራ ነበር። እንባ አልመጣልኝም፤ የመጣብኝ ድካም ነው። ዛሬ ነገ እያልሁ ለእሳቸው ሳልነግራቸው የቆየሁት አንድ ነገር ነበረኝ፤ አሁን የሚነገረው ሰው የለም።

መካነ ሰላም በተመደብሁበት ጊዜ አያ እንድሪስ የማዘጋጃ ቤቱ የፕላን ባለሙያ ነበሩ። ባለሙያ የሚለውን ማዕረግ የሰጣቸው ቢፒአር የተባለው የመሥሪያ ቤቶች ለውጥ ነው፤ እሳቸው ራሳቸውን የሚጠሩት ቀያሽ ብለው ነበር። ሙያውን የለመዱት ወጣት ሳሉ ከመንገድ ቀያሾች ጋር ችካል እየተከሉና ሜትር እየጎተቱ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከወገባቸው ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር ፍለጋ መሳቢያ ሁሉ ይከፍታሉ፤ ሻይ ያዝዙና ሲቀዘቅዝባቸው ሌላ ያዝዛሉ። ካርታ ሲያዩ ጠረጴዛ አይበቃቸውም። ወለሉ ላይ ይዘረጉትና ጫማቸውን አውልቀው ዙሪያውን ይዞሩታል። «ምነው አያ፣ መስጊድ አደረጉት እንዴ?» ብዬ አንድ ቀን ቀለድሁባቸው። «ሰው ያለበት ነው፣ ልጄ» አሉኝ፣ ካርታው ላይ እንዳቀረቀሩ። ከዚያ ወዲህ እኔም ሳላስበው ጫማዬን ማውለቅ ጀመርሁ።

የሚያስቀን ሌላም ጸባይ ነበራቸው። ማንኛውንም ፕላን ስናሳያቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ቅዳሜ አይታችሁታል?» ብለው ነው። የከተማው ገበያ የሚውለው ቅዳሜ ነው። በሌላ ቀን ጭር ብሎ የሚውል መንገድ ቅዳሜ ዕለት ሰውና አህያ ተጋፍቶ አያሳልፍም። ስለዚህ ለእሳቸው ቅዳሜ ያልታየ ቦታ ጨርሶ አልታየም። ኳስ ሜዳም ይሁን፣ የውሃ ቦኖም ይሁን፣ ጥያቄው ያው ነው። እኛ በሌሉበት «አቶ ቅዳሜ» እንላቸው ነበር። ያውቁ ነበር መሰለኝ፤ ግን ግድ አልሰጣቸውም።

የድሮው ገበያ ከከተማው መሀል፣ ከዋናው መንገድ ተነስቶ ወደ ታች የሚያዘቀዝቅ ሰፊ ሜዳ ነበር። ከብቱ ከግርጌ፣ ሱቆቹ ከላይ በዳር በዳር፣ መሀሉን የያዙት ደግሞ ሴቶቹ ናቸው፤ ባቄላ፣ ምስር፣ ድንች፣ በርበሬ የሚሸጡ። ሱቅ የላቸውም፣ ዳስ የላቸውም። ያላቸው ድንጋይ ነው። እያንዳንዷ ሴት የምትቀመጥበት የራሷ ድንጋይ አላት። ገበያው ሲበተን እዚያው ትታው ትሄዳለች፤ በሚመጣው ቅዳሜ መጥታ ትቀመጥበታለች። ስትወልድ ወይም ሐዘን ላይ ስትሆን ጎረቤቷ እህሏን ትሸጥላታለች እንጂ ድንጋይዋ ላይ ሌላ ሰው አይቀመጥም። ስታረጅ ለልጇ ወይም ለምራቷ ትለቅላታለች። እስላም ክርስቲያን ሳይባል ሕጉ አንድ ነበር፤ በድንጋይ ተጣልቶ ማዘጋጃ ቤት የመጣ ሰው አላየሁም። የእኔም እናት ደጎሎ ገበያ ላይ እንዲህ ያለ ድንጋይ ነበራት። ያስተማረችኝ እሱ ላይ ተቀምጣ ገብስ ሸጣ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ያ ሜዳ መልሶ ማልማት ደረሰው። ፎቅ ይሠራበታል፣ ከሥሩ ሱቆችና የእህል አዳራሽ፣ ከጎኑ መናኸሪያ ይኖረዋል ተባለ። ከጅዳና ከሪያድ የተመለሱ ሰዎች፣ ልጆቻቸው ዐረብ አገር ያሉ ቤተሰቦች፣ የከተማው ነጋዴዎች ሁሉ ማዘጋጃ ቤቱን ደጅ መጥናት ጀመሩ። ሁሉም ቦታ ፈላጊ ነው፤ አይፈረድባቸውም። ደጅ ያልጠኑት ሴቶቹ ብቻ ነበሩ፤ ቦታ አለን ብለው ነዋ! ከአዲሱ ገበያ ካልገቡ ግን የሚጠብቃቸው ከከተማው ውጪ፣ ገዢ የማይደርስበት ዳገት ላይ መበተን ነው። አያ እንድሪስን እንቅልፍ የነሳቸው ይኸው ነበር።

ከዞን የመጣው ደብዳቤ ፕላኑ ከመሠራቱ በፊት «የመልሶ ማልማት መርሆዎች» ተጽፈው ይጽደቁ ይላል። እንዲመቸን ተብሎ ለሌላ ከተማ የተዘጋጀ ናሙና አብሮ ተልኮልናል። ኮሚቴው የከተማውን ስም ብቻ ቀይሮ ሊያጸድቀው ተሰበሰበ። ሁላችንም ደክሞናል፤ በዚያ ሳምንት አራተኛ ስብሰባችን ነበር። አያ እንድሪስ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ጮክ ብለው አነበቡ።

«መርህ አራት። የመካነ ሰላም ከተማ የሐይቅ ዳርቻ ለመዝናኛ አገልግሎት ይጠበቃል።»

ከንቲባውን ቀና ብለው አዩዋቸው። «ክቡር ከንቲባ፣ መጠበቁንስ እንጠብቀው። ሐይቁን ከየት እናምጣው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ከንቲባውም ሳቁ። ከንቲባው ክፉ ሰው አልነበሩም። ከላይም ከታችም ሲጠየቁ የሚውሉ፣ በየግምገማው ሒስ ሲያወርዱና ሲወርድባቸው ፊታቸው የጠቆረ ሰው ነበሩ። «እንግዲያው አንቱ ጻፉት» አሏቸው።

ሦስት ወር ፈጀባቸው። በየቅዳሜው ጃንጥላቸውንና አንድ የተማሪ ደብተር ይዘው ገበያ ይውላሉ። ጎርፉ የሚወርድበትን፣ ሰው የሚረግጥበትን፣ አህያ የሚታሰርበትን፣ ጥላ የሚያርፍበትን ሁሉ ጻፉ። የሴቶቹን ድንጋይም አንድ በአንድ ሣሉት፤ ከጎኑ የባለቤቱን ስም አሰፈሩ። ከዚያ ሁሉ ወጥቶ የተጻፈው መርህ ሁለት ገጽ ብቻ ነው። ጎርፉ የሚሄድበት ሳይታወቅ ሕንጻ አይቆምም። ሰው ረግጦ ያወጣው መንገድ በቂ ምክንያት ሳይቀርብ አይዘጋም። ወደ መስጊድና ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያሳልፉት መተላለፊያዎች በግንባታው ጊዜም ክፍት ይሆናሉ። አዲሱ ሳያልቅ አሮጌው አይፈርስም። ለኮሚቴው እያነበቡ አንዱ ላይ ሲደርሱ ግን ከንቲባው አቋረጧቸው። ሴቶች ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጠው የሚሸጡበት ቦታ ያለ ሽንት ቤት አይታቀድም ይላል።

«ይኼ መርህ አይባልም፣ አቶ እንድሪስ። ዝርዝር ነው።»

«ክቡር ከንቲባ፣ እነዚያ ሴቶች ፀሐይ ላይ ሲውሉ ውሃ የማይጠጡት ለምን ይመስልዎታል? እኔ ወላሂ ጾም መስሎኝ ነበር። ጠየቅኋቸው። ዓመቱን ሙሉ ነው።»

ከንቲባው እስክሪብቷቸውን አንስተው ምልክት አደረጉበትና ወደሚቀጥለው አለፍን።

የሚቀጥለው የመጨረሻው ነበር፤ ከሁሉም በላይ የታገሉለት እሱን ነው። በቦታው ላይ ሲሠራ የኖረ ሰው በአዲሱ ግንባታ ውስጥ በቅድሚያ ቦታ ያገኛል። ይህም ጸደቀ፤ ሲጸድቅ ግን አንዲት ሐረግ ተጨመረችበት፤ «በቦታው ካርታ ላይ የተመለከተ» የምትል። ማን እንዳስገባት አላስታውስም፤ ክፋት አስቦ ያስገባት ሰው አለ ብዬም አላምንም። አያ እንድሪስም አልተቃወሙም። ካርታው እኔ የሠራሁት ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ያምኑኝ ነበር።

የማልኮራበትን ነገር እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። እሳቸው መርሆዎቹን እየጻፉ ሳለ ቦታውን ለክቶ ካርታ ማንሳት የእኔ ድርሻ ነበር። የለካሁት ማክሰኞ ነው። ቅዳሜ ሰው ስለሚበዛ ሜትር መዘርጋት አይመችም፤ ሪፖርቱም በአስቸኳይ ይፈለግ ነበር። ድንጋዮቹን አይቻቸዋለሁ። በመሀላቸው እየተራመድሁ ነው የለካሁት፤ እንዲያውም አንዱ አደናቅፎኛል። ምን እንደሆኑ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ግን ለካርታ ሥራ በተሰጠን የምልክት ዝርዝር ውስጥ ቤት አለ፣ አጥር አለ፣ ዛፍ አለ፣ ቦይ አለ፤ የሴት መቀመጫ ድንጋይ የሚል የለም። እኔም ያለውን ሞልቼ የተረፈውን ሜዳ ሁሉ «ባዶ ቦታ» ብዬ በቆንጆ የእጅ ጽሕፈቴ ጻፍሁበት። ደክሞኝ ነበር፤ ይህን ምክንያት ይሁነኝ ብዬ አይደለም የምናገረው። አያ እንድሪስ ካርታውን ሳቀርብላቸው ዓይናቸውን አሟቸው በጨርቅ ይዘው ነበር። «ቅዳሜ አይተኸዋል?» አሉኝ። «አዎ» አልኋቸው። ሳያዩት ፈረሙበት።

መርሆዎቹ እንደጸደቁ ከዞን እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለና የጽዳት ዘመቻ ታወጀ። አያ እንድሪስ በዚያ ሐሙስ ገጠር ለቅሶ ሄደው ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ በሙሉ ሜዳው ላይ ወጥቶ የተገኘውን ሁሉ ለቀመ። አንዱ «ድንጋዮቹስ?» ብሎ ጠየቀ። የዘመቻው ኃላፊ ካርታውን ዘርግቶ አየና «ባዶ ቦታ ነው የሚለው፤ ይነሱ» አለ። አንስተን በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ውሃ የሚያቁረውን ጉድጓድ ሞላንባቸው። እኔም ተሸክሜያለሁ። አፌን ከፍቼ አንድ ቃል ማለት እችል ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሴቶቹ እህላቸውን ተሸክመው መጡ። ጩኸትና ለቅሶ ጠብቄ ነበር፤ እነሱ ግን ሸክማቸውን ሳያወርዱ ቆመው ቀሩ። ከመካከላቸው እትዬ ዘሐራ የሚባሉ ባቄላ ሻጭ ነበሩ። ልጃቸው ጅዳ ናት፤ አርፈው ቤት እንዲቀመጡ በስልክ ብትለምናቸውም ከድንጋያቸው አልነሳ ያሉ ሴትዮ ናቸው። «ኸረ ምን አገኘን? ሳንሞት ድንጋያችን ይነሳ?» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለሜዳው።

አያ እንድሪስ ደብተራቸውን ይዘው ደረሱ። ከዳር ካለው የወይራ ዛፍ ተነስተው እርምጃቸውን እየቆጠሩ ወደ መሀል ገቡ። «ዘሐራ፣ ከወይራው ሃያ አንድ እርምጃ። አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ቦታሽ እዚህ ነው። ወርቄ፣ አንቺ ከዘሐራ በስተግራ።» እንዲህ እያሉ በስም እየጠሩ እስከ ቀትር ድረስ ሁሉንም በየቦታቸው አስቀመጧቸው። ሴቶቹ ባዶ ጆንያ አንጥፈው ተቀመጡ። «አላህ ጀነት ያግባዎት» ብለው መረቋቸው እትዬ ዘሐራ። እኔ ከወይራው ሥር ቆሜ አይ ነበር።

ሰኞ የነባር ተጠቃሚዎች ምዝገባ ተጀመረ። የተመዘገቡት ባለ ሱቆቹ ብቻ ናቸው። አያ እንድሪስ ደብተራቸውን ይዘው ከንቲባው ዘንድ ገቡ። ደብተር ማኅተም የለውም ተባሉ። መርሁ የሚለው በካርታው ላይ የተመለከተ ነው፤ ካርታው ደግሞ ባዶ ነው ይላል። ለሴቶቹ ብለው የጻፉት ዓረፍተ ነገር ሴቶቹን አስቀራቸው። አንድ መንገድ ብቻ ነበረ፤ ካርታው ላይ ስህተት መሥራቱን ኃላፊነት ያለበት ሰው በጽሑፍ አምኖ ማሳረም።

ወደ እኔ ክፍል መጡና በሩን ዘጉ። ካርታውን ወለሉ ላይ ዘረጉት፤ ጫማቸውን አወለቁ። ጽሕፈቴን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ቅዳሜ አላየኸውም» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም።

«አላየሁትም፣ አያ።»

ያን ሰሞን ግምገማ ላይ ነበርን፤ እንዲህ ያለ ጥፋት ያመነ ሠራተኛ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ገና ቋሚ አልሆንሁም፤ ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ወልዳ አራስ ናት። ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። ልናገር ስል ቀደሙኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ውሸት ነው። ዝም አልሁ። እሳቸውም እንድናገር ጠበቁኝ፤ ብዙ ጠበቁኝ። በመጨረሻ ካርታውን ጠቀለሉና ጫማቸውን አደረጉ። «የፈረምሁት እኔ ነኝ። አብሽር» ብለውኝ ወጡ።

አያ እንድሪስ የጻፉት ደብዳቤ በከተማው አዳራሽ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ተነበበ። «ሜዳው ባዶ ቦታ ተብሎ የተመዘገበው በእኔ በራሴ ጥፋት ነው፤ ስማቸው ከዚህ ጋር የተያያዘው ሴቶች በቦታው ሲሠሩ የኖሩ ናቸው» ይላል። የእኔ ስም የትም የለም። ካርታው ታረመ። ሴቶቹ ተመዘገቡ። ግን እትዬ ዘሐራ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «እያንዳንዳችንን በስም እየጻፉ ኖረው ባዶ ናቸው ያሉን እርስዎ ነዎት?» አሏቸው። አያ እንድሪስ ከፊት ወንበር ላይ አንገታቸውን ደፍተው «አውፍ በሉኝ» አሉ፤ ይቅር በሉኝ ማለታቸው ነው፤ ሌላ አልጨመሩም። እትዬ ዘሐራ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርሁ።

አዲሱ ገበያ እየተጓተተም ቢሆን ተሠራ። ሴቶቹ መሀል አዳራሹ ውስጥ ጥሩ ቦታ አገኙ፤ ሽንት ቤትም አለው። አያ እንድሪስ ከደረጃቸው ዝቅ ብለው ማሻ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተመደቡ፤ ጡረታ እስኪወጡ እዚያው ቀሩ። የእሳቸውን ወንበር የያዝሁት እኔ ነኝ። ቤተሰባቸው መካነ ሰላም ስለነበር በየጊዜው ይመጣሉ፤ በመጡ ቁጥር ገበያውን ሳይዞሩ አይሄዱም። አንድ ቀን ከኋላቸው ደረስሁ። ሴቶቹን በየስማቸው ሰላም እያሉ አለፉ። እትዬ ዘሐራ ዘንድ ሲደርሱ «አሰላሙ አለይኩም፣ ዘሐራ» አሉ። እትዬ ዘሐራ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አያ እንድሪስ ትንሽ ቆመው ጠበቁና መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ በሌላው በር ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሻይ ቤት ውስጥ ብቻቸውን አግኝቻቸው ነበር። «አያ፣ ያ ነገር…» ብዬ ጀመርሁ። «ልጅህ ስንተኛ ክፍል ደረሰ?» አሉኝ። ሁለተኛ ክፍል ነው አልኋቸው። «ማሻ አላህ» አሉ፤ ሻያቸው ቀዝቅዞ ነበርና ሌላ አዘዙ። እኔም በሌላ ቀን እላለሁ ብዬ ተውሁት። ብዙም ሳይቆይ ወደ ደሴ ተዛወርሁ።

መርዶውን በሰማሁ በማግስቱ በሚኒባስ ሄድሁ። መንገዱ ያው የድሮው ነው፤ ስደርስ ወገቤ ተቆራርጦ ነበር። ድንኳኑ ገበያው አጠገብ ባለው ቤታቸው ደጃፍ ተተክሏል። ልጆቻቸውን አጽናንቼ ስወጣ እትዬ ዘሐራን አጥሩን ተደግፈው ተቀምጠው አገኘኋቸው። በጣም አርጅተዋል፤ ግን ወዲያው አወቁኝ፤ አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ጀናዛው ሊነሳ ሲል ሸሁ ተነስተው ‹እንድሪስን አውፍ በሉት› አሉ» አሉኝ። «ሰው ሁሉ አውፍ ብለናል አለ። እኔም አልሁ። ያልሁት ግን በአፌ ነው። የማያውቀን ሰው ባዶ ቢለን ምን ነበረበት? እሳቸው ስማችንን ያውቁ ነበር። እሱ ነው ከልቤ አልወጣ ያለኝ።»

እዚያ ላይም ዝም ማለት እችል ነበር፤ ለምጄዋለሁ። ጀግንነት አይደለም ያናገረኝ፤ መሸከሙ ሰለቸኝ።

«እትዬ ዘሐራ፣ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜ አየኸው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ አዎ ብዬ ዋሸኋቸው። እሳቸው አንዳች አላጠፉም። የእኔን ነው የተሸከሙት።»

ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ገበያውን አዩ።

«በመጡ ቁጥር ሰላም ይሉኝ ነበር» አሉ። «የአላህን ሰላምታ እንኳ ሳልመልስላቸው ሞቱ። አንተን አውፍ ማለቱ ቀላል ነው፤ ይኸው አጠገቤ ተቀምጠሃል። እኔን ማን አውፍ ይበለኝ?»